እሹሩሩ የማን ዘፈን ነው?

የአንድን ሕዝብ ግጥም ለመመርመር የተነሣ ሰው አስቀድሞ ዓይኑን የሚጥለው በታላላቆቹ ላይ ነው። በጦር ሜዳ የተሰማውን ፉከራና ቀረርቶ፣ በሊቃውንት ጉባኤ የተዘረፈውን ቅኔ፣ በአዝማሪ መሰንቆ የተደረደረውን ሙገሳና ስላቅ፣ በለቅሶ ቤት አልቃሽ ያወረደችውን ሙሾ ይሰበስባል፤ ይተነትናል፤ ሰሙን ከወርቁ ይለያል። ይህ ሁሉ የሚገባና የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ዳሩ ግን ከነዚህ ሁሉ በፊት ወደ ጆሮአችን የገባ፣ ቃል ለይተን ሳናውቅ ዜማውን የለመድነው፣ የገጣሚውም የአድማጩም ስም ከቶ ያልተመዘገበ አንድ ግጥም አለ። ይኸውም እሹሩሩ ነው።

እሹሩሩ ከሐያስያን እጅ እምብዛም አልደረሰም። ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ማንም አይመረምረውምና፣ ስለ እርሱ በተነገረ ጊዜ ሁሉ የሚሰማው አንድ ዓይነት ቃል ነው፤ «የእናት ፍቅር መግለጫ ነው፤ ጣፋጭ ነው፤ ጥንታዊ ነው» ይባልና ይታለፋል። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንወደው ይህ አባባል እውነቱን በግማሽ ብቻ የያዘ መሆኑን ነው። በእኛ ግምት እሹሩሩ የእናት ዘፈን ከመሆኑ በፊት የአዛይ ዘፈን ነው፤ አዛይዋም ሁልጊዜ እናት አይደለችም። ይህ ልዩነት ለጊዜው የቃላት ጨዋታ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ግጥሙን የምናነብበትን መንገድ ከመለወጡም በላይ፣ በሥነ ጽሑፋችን ውስጥ ስፍራ ያልተሰጣትን አንዲት ልጅ የሚያስታውሰን ነውና፣ አንባቢያችን እስከ መጨረሻው ይታገሠን ዘንድ እንለምናለን።

ዘፈኑን ከመመርመራችን በፊት የሚዘፈንበትን ቦታ ማየት ይገባል። ቅኔ ያለ ጉባኤው፣ ፉከራም ያለ ጋሻና ጦሩ ሙሉ ሆኖ እንደማይገባ ሁሉ፣ እሹሩሩም ያለ ጀርባ አይገባም። በአገራችን ሕፃን የሚታዘልባቸው ነገሮች በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው አንቀልባ ነው፤ እርሱም ከለፋ ቆዳ የሚሠራና በማሰሪያው ከአዛይዋ ገላ ጋራ የሚጠብቅ ሲሆን፣ በትግራይ ማሕዘል በሚባለው ላይ ዛጎል ተደርድሮበት ማየት የተለመደ ነው። ሁለተኛው ሴቶች በእንዝርት ከፈተሉት ጥጥ ሸማኔ የሠራው ጨርቅ ነው፤ ነጠላ፣ ኩታ ወይም ጋቢ ሊሆን ይችላል። ይህ ጨርቅ ለማዘያ ተብሎ የተሠራ አይደለም። ያው አንዱ ኩታ ሴቲቱ ገበያ ስትወጣ ልብሷ፣ ለቅሶ ስትደርስ መከናነቢያዋ፣ ልጅ ሲያለቅስ ማዘያዋ፣ ሲመሽም የሕፃኑ መሸፈኛ ነው።

ማዘል በዓይን ሲያዩት ቀላል፣ ሲሠሩት ግን ጥበብ ያለው ሥራ ነው። አዛይዋ ጎንበስ ትላለች፤ ሕፃኑን በአንድ እጇ ደግፋ ወደ ጀርባዋ ታዞረዋለች፤ ካልሆነም ሌላ ሰው ያሳዝላታል። እግሮቹን ከወገቧ ግራና ቀኝ ታደርግና፣ ጨርቁን ከመቀመጫው በታች አሳልፋ፣ አንዱን ጫፍ በብብቷ ሥር ሌላውን በትከሻዋ ላይ አምጥታ ከደረቷ ላይ ትቋጥረዋለች። ከዚያም ቀና ስትል የሕፃኑ ክብደት ከክንዶቿ ወደ ትከሻዋና ወደ ወገቧ ይዛወራል፤ ሁለቱ እጆቿም ነጻ ይሆናሉ። እነዚህ ነጻ የሆኑ እጆች እህል ይፈጫሉ፤ ውኃ ይቀዳሉ፤ እሳት ያነድዳሉ፤ እንጀራ ይጋግራሉ። እንግዲህ ማዘል የዕረፍት ሳይሆን የሥራ ሥርዓት ነው። እሹሩሩም በሥራ መካከል የሚዘፈን ዘፈን ነው፤ ይህንም ነገር ወደ ኋላ ስንመለስበት ትልቅ ፍሬ እናገኝበታለን።

ማዘል ከማቀፍ የሚለይበት ዋና ነገር ፊትን መሰወሩ ነው። የታቀፈ ሕፃን ዓይን ለዓይን ይታያል፤ የታዘለ ሕፃን ግን ለአዛይዋ አይታይም። ይህን ልዩነት ከገጣሚዎቻችን በፊት ሠዓሊዎቻችን ሳያውቁት አልቀሩም። ከ17ኛው መቶ ዓመት ወዲህ በአገራችን የተስፋፋው ምስለ ፍቁር ወልዳ የሚባለው ሥዕል፣ በሮማ ከሚገኘው የሳንታ ማሪያ ማጆሬ ሥዕል አርአያ የወረደ መሆኑ የታወቀ ነው፤ በእርሱም ላይ እናት ልጇን በግራ ክንዷ ታቅፋ ትታያለች። ሠዓሊው ከቤቱ ሲወጣም ሲገባም የሚያያቸው ልጅ ያዘሉ ሴቶች ሆነው ሳለ ለምን በዚህ ዓይነት ሣለ ብለን ብንጠይቅ፣ የመጀመሪያው ምክንያት ከአበው የተቀበለውን ሥርዓት መጠበቁ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ግን ከሥዕል ጠባይ የሚመጣ ነው። ልጅ ያዘለችን ሴት ከፊት ለፊቷ ቢሥሏት ልጁ ይጠፋል፤ ከኋላዋ ቢሥሏት እናቲቱ ትጠፋለች። ከጎን ቢሥላትስ የሚል ቢኖር፣ በጥንቱ የሥዕል ሥርዓታችን ከጎን በአንድ ዓይን የሚሣሉት ክፉዎችና ጠላቶች መሆናቸውን ያስታውሷል። ስለዚህ የሥዕል መንገድ በሦስቱም በኩል ተዘግቶ ነበር።

ሠዓሊው የተቸገረበት ይህ ስፍራ ለገጣሚዋ ግን የሥራዋ መነሻ ሆነ። አዛይዋ የልጁን ፊት አታይም፤ ልጁም የእርሷን ፊት አያይም። በሁለቱ መካከል የሚመላለሰው ሙቀት፣ ውዝዋዜና ድምፅ ብቻ ነው። እንግዲህ እሹሩሩ ፊቱ ለማይታይ አድማጭ የሚነገር ግጥም ነው ለማለት እንችላለን። ዘፋኟ ዘፈኗ መስመር መያዙን የምታውቀው በዓይኗ ሳይሆን በጀርባዋ ነው፤ የሕፃኑ ራስ በትከሻዋ መካከል ዘንበል ብሎ ሲከብዳት፣ ትንፋሹም ሲረዝም፣ ያን ጊዜ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች። ሌላው ገጣሚ ሁሉ አድማጩ ሲነቃለት ደስ ይለዋል፤ እርሷ ግን አድማጯ ሲያንቀላፋባት ተሳክቶላታል። በሥነ ጽሑፍ ታሪክ ውስጥ አድማጩን ከማድመጥ ለማሳረፍ የተገጠመ ግጥም ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ስለ ምቱም ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። እሹሩሩ የሚለው ቃል ለትርጉም ፍለጋ ሩቅ የሚያስኬድ አይደለም። በመጀመሪያው ክፍል ዝም የማሰኛው ድምፅ፣ በኋለኛው ክፍል ደግሞ እየተንከባለለ የሚመለስ ድምፅ አለበት። አራት ፊደል ነውና ሁለቱ ለግራ እግር፣ ሁለቱ ለቀኝ እግር ይደርሳሉ፤ ስትራመድም ሆነ ቆማ ወዲያና ወዲህ ስትወዛወዝ ቃሉ ከእርምጃዋ አይወጣም። በዚህ ረገድ ከአውሮጳ የማስተኛ ዘፈን ጋራ ማወዳደሩ ይጠቅማል። ጀርመኖች ቪገንሊድ፣ ፈረንሳዮችም ቤርሰዝ ሲሉ ስሙን የወሰዱት ከሚወዛወዘው የሕፃን አልጋ ነው። ሾፐን እ.ኤ.አ. በ1844 የፈጸመው ቤርሰዝ፣ ብራምስም በ1868 ያወጣው ቪገንሊድ የተመሠረቱት በዚሁ የአልጋ ውዝዋዜ ላይ ነው። የእነርሱ አልጋ ከእንጨት የተሠራና በአንድ ስፍራ የተቀመጠ ነው። የእኛ አልጋ ግን ሰው ነው፤ ይሄዳል፣ ይደክማል፣ ይርበዋል።

የዛሬው ምርምርም የእርምጃን ኃይል መስክሯል። እ.ኤ.አ. በ2013 ጃፓን አገር የሚሠሩ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ እናቱ ይዛው የምትራመድ ሕፃን፣ ይዛው ከተቀመጠች ይልቅ ልቅሶውን ያቆማል፤ መፍጨርጨሩን ይተዋል፤ የልቡም ምት ይረጋጋል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1986 በካናዳ ሞንትሪያል በተደረገ ጥናት፣ ከተለመደው በላይ በየቀኑ ታቅፈው ወይም ታዝለው የቆዩ ሕፃናት በተወለዱ በስድስተኛው ሳምንት ከሌሎቹ 43 በመቶ ያነሰ አልቅሰው ተገኝተዋል። እነዚህ ሊቃውንት በመሣሪያ የለኩትን ነገር የእኛ ዘፋኞች በግጥም ምት ውስጥ አስቀምጠውት ቆይተዋል። ይህንም የምንለው ለትምክሕት አይደለም፤ የእሹሩሩ ምት ያለ ምክንያት የመጣ ጌጥ አለመሆኑን ለማስረዳት ነው።

አሁን ወደ ቃሉ እንምጣ። እሹሩሩ እንደ አገሩና እንደ ዘፋኟ ይለዋወጣል። ሕፃኑን የሚያሞግሱ፣ ወደ ፊት ትልቅ ሰው እንዲሆን የሚመርቁ፣ ልጄ እያሉ የሚያቆላምጡ ስንኞች አሉ፤ እነዚህ የእናት ናቸው ቢባል የሚከራከር የለም። ነገር ግን በብዙ ስፍራ የሚሰማውና ከሁሉ ይበልጥ የታወቀው ሐሳብ ሌላ ነው። በዚህኛው ዘፋኟ ሕፃኑን በቁልምጫ ትጠራና፣ እናቱ ቶሎ እንድትመጣለት፣ ስትመጣም ወተት ይዛለት እንድትመጣ ትማጠናለች። ይህን ሁላችንም ሰምተነዋል፤ አብዛኞቻችን ግን አላስተዋልነውም። የምትዘፍነው እናቲቱ ራሷ ከሆነች፣ ቶሎ ነይ ተብላ የምትጠራው ማን ናት? ልጁስ ከጀርባዋ ላይ ሆኖ ሳለ ወተቱን ከወዴት ታመጣለታለች?

አንዳንድ አንባቢ፣ «እናት ልጇን ስታጫውት ራሷን እንደ ሌላ ሰው አድርጋ ብትናገር ምን ያስደንቃል? በልጁ አፍ እየተናገረች ነው» ሊለን ይችላል። ይህ ተቃውሞ ክብደት ያለው ነው። በእርግጥ እናቶችም ይህንኑ ስንኝ ይዘፍኑታል፤ ግጥምም እንዲህ ያለውን የድምፅ መለዋወጥ ይፈቅዳል። ነገር ግን ጥያቄያችን ዛሬ ማን ይዘፍነዋል የሚል አይደለም፤ ቃሉ የተቀረጸው በማን ሁኔታ ነው የሚል ነው። ሦስት ነገሮች ወደ አንድ አቅጣጫ ያመለክታሉ። አንደኛ፣ የምትጠራው እናት በቦታው የለችም፤ ከሩቅ ነው የምትጠበቀው። ሁለተኛ፣ ሕፃኑ ልጄ ሳይባል በሰው ልጅነቱ ይጠራል። ሦስተኛ፣ የሚጠበቀው ነገር ምግብ ነው፤ ዘፋኟም ከራሷ ዘንድ ልትሰጠው አትችልም። እናት ይህን ስትዘፍን፣ ከእርሷ በፊት ሌላዋ በጠበቀችበት ቃል እየዘፈነች ነው። ምናልባትም ልጅ ሳለች ራሷ ታናሿን አዝላ በጠበቀችበት ቃል ይሆናል።

እንግዲህ እናቲቱ ወዴት ሄደች? ወደ ገበያ ሄዳለች፤ እንጨት ለቀማ ወርዳለች፤ አረም ላይ ናት፤ የጎረቤት ድግስ ታግዛለች፤ ወይም በሰው ቤት አድራለች። በቤት የቀረችው ማን ናት? አንዳንድ ጊዜ አያት ናት፤ አንዳንድ ጊዜ አክስት ወይም ሞግዚት ናት። እጅግ ብዙ ጊዜ ግን የቤቱ ታላቅ ሴት ልጅ ናት፤ ራሷ ከአንቀልባ ከወረደች ገና ጥቂት ዓመት የሆናት፣ በስምንትና በዘጠኝ ዓመቷ የታናሿን ክብደት በጀርባዋ የለመደች ልጅ። ለዚህች ልጅ ያላት መሣሪያ ሁለት ብቻ ነው፤ እግሯና ድምፅዋ። ጡት የላትም፤ ወተቱም ከእጇ የለም። ስለዚህ ያላትን ትሰጣለች፤ ይኸውም ተስፋ ነው። ወተት ይመጣል፤ ዳቦ ይመጣል፤ እናት ትመጣለች ትላለች።

በዚህ ዓይን ስናነበው የግጥሙ ጣዕም ይለወጣል። ጣፋጭ ብቻ የመሰለን ስንኝ ጭንቀት እንዳለበት እንረዳለን። ግጥሙ ሁለት አድማጮች አሉት፤ አንዱ ከጀርባ ያለው ሕፃን ነው፤ ሁለተኛዋ ከጋራው ማዶ ያለችው እናት ናት። ለሕፃኑ የሚናገረው ዝም በል ነው፤ ለእናቲቱ የሚናገረው ድረሽ ነው። እንደ ቅኔ ሕግ ሰምና ወርቅ እንለይ ብንል፣ ሰሙ «ልጅሽ ተርቧልና ነይ» የሚለው ነው፤ ወርቁ ግን «እኔም ደክሞኛልና ነይ» የሚለው ነው። ወርቁ በአንድም ቃል አልተነገረም። ልጂቱ ደከመኝ ብትል ትቈጣለችና፤ የሕፃኑን ረኃብ አስቀድማ የራሷን ድካም ከሥሩ ደበቀችው። የቅኔ መምህራን በብዙ ዓመት ትምህርት የሚያስተምሩትን የመሰወር ጥበብ፣ ፊደል ያልቆጠረች ልጅ ከችግሯ ተምራዋለች።

ይህ አነባበባችን በባዶ የተገመተ እንዳይመስል፣ ልጅን በጀርባ ከሚያዝሉ ሌሎች አገሮች አንዱን ምስክር አድርገን እንጥራ። ከበደ ሚካኤል ስለ ጃፓን ሥልጣኔ ከጻፉ ወዲህ፣ የአገራችን አንባቢ ከጃፓን ጋራ ራሱን ማስተያየት ለምዷል፤ እኛም በዚህ በትንሹ ጉዳይ ይህንኑ እናደርጋለን። በጃፓን ድሀ ወላጆች ሴት ልጆቻቸውን ገና በልጅነታቸው ወደ ሌላ ቤት ልከው ሕፃን አዛይ ያደርጓቸው ነበር። እነዚህ ልጆች ኮሞሪ ይባሉ ነበር። ሕፃን አዝለው የሚያንጐራጕሩትም ዘፈን በእነርሱው ስም ይጠራል። ከነዚህ መካከል በኩማሞቶ አውራጃ በምትገኘው በኢትሱኪ መንደር ስም የሚጠራው ዝነኛው እንጉርጉሮ፣ የሕፃኑን ደስታ ሳይሆን የአዛይዋን ኀዘን ይናገራል፤ የአገልግሎት ዘመኗ አልቆ ወደ ቤቷ የምትመለስበትን በዓል ትናፍቃለች፤ ድህነቷን ታስባለች፤ ብትሞትም የሚያለቅስላት መኖሩን ትጠራጠራለች።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። የመጀመሪያው የሐያሲ ትምህርት ነው፤ ጃፓኖች ዘፈኑን በዘፋኟ ስም በመጥራታቸው የአዛይቱ ድምፅ ከእናት ድምፅ ጋራ ሳይደባለቅ ተጠብቆ ቆይቷል። ሁለተኛው የአስተማሪ ትምህርት ነው፤ በሜጂ ዘመን እነዚህ ልጆች ሕፃናቱን እንዳዘሉ መጥተው የሚማሩባቸው ልዩ ትምህርት ቤቶች ተከፍተው ነበር። ዘፈኑን የሰማ ዘፋኟንም ማየቱ አይቀርም ማለት ነው። የእኛ ዘፋኝ ግን ከጃፓኗ ይልቅ ዝምተኛ ናት፤ የራሷን ነገር በግልጽ አትናገርም። ስለዚህ እርሷን ለመስማት የበለጠ ማስተዋል ያስፈልጋል።

ይህ ማስተዋል በጽሑፍ ሥነ ጽሑፋችን ውስጥ መጓደሉን መናገር ግዴታችን ነው። ቋንቋችን ራሱ ለማዘል ታላቅ ክብር ሰጥቶታል። አዘለ የሚለው ግሥ ከግዕዙ ሐዘለ ጋራ አንድ ዘር ነው፤ ዛሬም ዝናም ያዘለ ደመና፣ ቁም ነገር ያዘለ ንግግር፣ ምስጢር ያዘለ ስንኝ እንላለን። ከቅዱስ ያሬድ ሦስት የዜማ ስልቶች አንዱ የሆነውን ዕዝልን ከመታዘል ጋራ አያይዘው የሚያብራሩ መምህራንም አሉ። እንግዲህ በአማርኛ አነጋገር ግጥም ምስጢሩን የሚይዘው በእጁ አይደለም፤ በጀርባው ነው። ምስጢሩ አለ፤ ይሞቃል፤ ይከብዳል፤ ከፊት ግን አይታይም። ለግጥም ከዚህ የተሻለ መግለጫ የሚገኝ አይመስለንም።

ይህን ያህል የከበረውን ነገር ገጣሚዎቻችን እንዴት ያዙት? ስለ እናት የሚጻፉትን ግጥሞች የተመለከተ ሰው፣ ማሕፀኗና ጡቷ ያለማቋረጥ ሲመሰገኑ ያገኛል። ጀርባዋም አልፎ አልፎ ይመሰገናል። የእኅት ጀርባ ግን አይመሰገንም። ታላቅ እኅቱ አዝላ ያሳደገችው ገጣሚ ብዙ ነው፤ ያንን ክብደት የገጠመላት ግን ጥቂት ነው። በዚህ ፈንታ እሹሩሩ የሚለው ቃል በዕለት ንግግራችን የማቀማጠል ስም ሆኗል፤ ሰነፍን ሠራተኛ ስንወቅስ እሹሩሩ የሚለው ሰው ይፈልጋል እንላለን። ቃሉ ከታዛዩ ምቾት አንጻር ብቻ ስለ ታየ ማቀማጠል መሰለ፤ ከአዛይዋ አንጻር ቢታይ ግን የሥራና የትዕግሥት ስም በሆነ ነበር።

ነገሩ ዛሬ ይበልጥ የሚያሳስብበት ምክንያት አለ። በከተማ አንቀልባ ከብዙ ቤት ወጥቷል፤ በምትኩ የሚገፋ ጋሪና ከውጭ አገር የመጣ ማንገቻ ገብቷል። ይህ ማንገቻ ራሱ አስገራሚ ታሪክ አለው። አን ሙር የምትባል አሜሪካዊት ነርስ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በሰላም ጓድ አባልነት ቶጎ ሄዳ ሳለ፣ እናቶች ልጆቻቸውን በጨርቅ አዝለው ሲንቀሳቀሱ አይታ፣ ወደ አገሯ ስትመለስ በዚያ አርአያ ስናግሊ የተባለውን ማዘያ አዘጋጀች፤ በ1969ም የፈጠራ መብት አገኘችበት። እንግዲህ አፍሪካዊው ጥበብ ውቅያኖስ ተሻግሮ፣ መቀነቻና ዘለበት ተጨምሮለት፣ በዋጋ ወደ እኛው ተመለሰ። ጨርቁ እንዲህ ይሻገራል። ዘፈኑ ግን ከጨርቁ ጋራ አይሄድም፤ ከሰው አፍ ወደ ሰው አፍ ካልተላለፈ በመንገድ ይቀራል።

እሹሩሩ ዛሬ በመሣሪያ ታጅቦ ተቀርጾ ይሸጣል፤ ሕፃናትም በአልጋቸው ላይ ሆነው ከስልክ ይሰሙታል። ይህን አንነቅፍም፤ ዜማው መጠበቁ መልካም ነው። ሆኖም በተቀረጸው ዘፈን ውስጥ ድምፁ ለሁሉ እኩል ነው፤ ሕፃኑ ሲከብድ ዝቅ አይልም፤ ሲባንን አይመለስም። በምቱም ውስጥ የሚራመድ እግር የለም። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው ግን፣ ዘፋኟ እናት ተደርጋ ስለምትቀርብ፣ ቶሎ ነይ የሚለው ልመና ትርጉሙን ማጣቱ ነው።

ትርጉሙ ግን በሌላ በኩል እንደ አዲስ ሕያው ሆኗል። ከአገራችን ብዙ ወጣት ሴቶች ወደ ቤይሩት፣ ወደ ሪያድ፣ ወደ ዱባይ ሄደው በሰው ቤት ያገለግላሉ፤ ከሥራቸውም አንዱ የሰውን ሕፃን ማባበል ነው። ከነርሱ መካከል የራሳቸውን ልጅ ለአያት ወይም ለእኅት ትተው የሄዱ አሉ። በአገር ቤት አያቲቱ ልጁን አዝላ እናቱ ቶሎ እንድትመጣለት ስትዘፍን፣ እናቲቱም በዚያ የሌላዋን ልጅ ታባብላለች። ጥንታዊው ስንኝ ለዚህ ኑሮ ሆን ተብሎ የተገጠመ ይመስላል። የዘመናችን ደራሲ ስለ ስደት ለመጻፍ ባዕድ አምሳል ከመፈለግ ይልቅ ይህን በእጁ ያለውን ቢመረምር፣ ከብዙ ገጽ ምሬት የበለጠ ነገር ያገኝበታል።

ከዚህ ላይ ሐሳባችን በተሳሳተ መንገድ እንዳይተረጐም አንድ ነገር እናክላለን። እኛ የምንሻው ሁሉ ወደ አንቀልባ ይመለስ አይደለም፤ ትናንሽ ልጃገረዶችም ሕፃን አዝለው እንዲኖሩ አይደለም። ታናሿን ለመጠበቅ ስትል ከትምህርት ቤት የምትቀር ልጅ ዛሬም አለች፤ የእርሷ ቦታ ከክፍል ውስጥ ነው። የባህላችንን ነገር ስናመሰግን የተከፈለበትን ዋጋ አብረን ካልተናገርን፣ ምስጋናችን ለጥበቡ እንጂ ለጥበበኛዋ አይደርስም። እሹሩሩን መውደድና አዛይቱን መርሳት አንድ ላይ የሚሄዱ መሆናቸው ነው የሚያሳስበን።

ታዲያ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ አስተማሪዎችና ተማሪዎች ለዕረፍት ወደየአገራቸው በሚሄዱበት ጊዜ እሹሩሩን ቢሰበስቡ፣ ስንኙን ብቻ ጽፈው እንዳይመለሱ እናሳስባለን። ማን ዘፈነችው? ዕድሜዋ ስንት ነው? ያዘለችው የማንን ልጅ ነው? በምን ጨርቅ? ምን እየሠራች? እናቲቱ ወዴት ሄዳ? እነዚህ ጥያቄዎች ያልተመለሱበት ስብስብ፣ ገላጭ ጽሑፍ እንደሌለው ሥዕል ይሆናል። ሁለተኛ፣ የመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆች እሹሩሩን የእናት መዝሙር ብለው ከማለፍ ይልቅ፣ ተማሪው ዘፋኟ ማን እንደ ሆነች ከቃሉ ፈልጎ እንዲያገኝ ቢጠይቁት፣ ሥነ ቃልን ማንበብ ምን ማለት እንደ ሆነ በአንድ ትምህርት ይረዳዋል። ሦስተኛም ለገጣሚዎቻችን የምንለው አለን፤ ስለ እናት የተጻፈው ብዙ ነው፤ ስለ ታላቅ እኅት ግን ገጹ ገና ባዶ ነው።

ሒስ የሚጠቅመው መጥፎውን ከመልካሙ ለመለየት ብቻ አይደለም፤ የለመድነውን ድምፅ የማን እንደ ሆነ ለማወቅም ይጠቅማል። እሹሩሩን ስንሰማ የእናትን ፍቅር መስማታችን ትክክል ነው። ከዚያ ድምፅ ጋራ፣ ጨርቁን ከደረቷ ላይ ቋጥራ ወደ መንገዱ እየተመለከተች የምትራመደውንም ልጅ ድምፅ እንድንሰማ ይገባል። ብዙዎቻችን በእርሷ ጀርባ ላይ አንቀላፍተናልና፣ ነቅተን ማመስገን ዕዳችን ነው።